ከባሕር እስከ ሪያድ፦ ውሃችንና የኤሌክትሪክ ቻርጅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ይህ የሳይንስ ዝግጅት በሪያድ፣ በጅዳና በደማም ላላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁም ለምትከታተሉን ነው።

የዛሬው ርእሳችን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍት «ሙል» የሚሉት። ስለ ሶኬት ወይም ስለ ስልክ ባትሪ ልናወራ እንዳይመስላችሁ። የምናወራው ስለምትጠጡት ውሃ ነው።

ሪያድ በረሃ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የምትቀዳው ወንዝም ሐይቅም የላትም። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ተቆጥሮባታል። ዓመተ ምሕረቱን ዛሬ የምንጠቅሰው በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከሚጠቀምበት ውሃ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከምሥራቁ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ዳር ካለችው ከጁበይል ከተማ ተነሥቶ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ፣ ሽቅብ ተገፍቶ ነው ቤታችሁ የሚደርሰው። የባሕረ ሰላጤው ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ40 ግራም በላይ ጨው ይዟል። በየቤታችን የሚወርደው ግን ከ1 ግራም በታች መሆን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ለአፍ አይጥምም።

ታዲያ ያ ሁሉ ጨው ከውሃው እንዴት ተለየ? ጨው ሲሟሟ ለዓይን አይታይም፤ በጨርቅ አይጠለልም፤ ቢያስቀምጡት አይዘቅጥም። መልሱ ያለው ቻርጅ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ካለው ነገር የትኛው አልፎ እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ኤሌክትሮን ልዩነት ነው። ዛሬ ይህንን ደረጃ በደረጃ እናያለን። መጀመሪያ አቶም፣ ከዚያ አዮን፣ ከዚያ ሞለኪውል፤ ቀጥሎም ወደ ጁበይል፣ ወደ ሪያድ፣ በመጨረሻም ወደ አገራችን ስምጥ ሸለቆ እንሄዳለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ከአቶም እንጀምር። አቶም መካከሉ ላይ ኒውክለስ አለው። በኒውክለሱ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖችና ቻርጅ የሌላቸው ኒውትሮኖች ይገኛሉ። በዙሪያው ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። ኤሌክትሮን ከፕሮቶን ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ኢምንት ነው፤ ፕሮቶን 1,836 ጊዜ ይከብደዋል። በቻርጅ መጠን ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በምልክት ብቻ ነው። አንዱ ፕላስ አንድ፣ ሌላው ማይነስ አንድ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ። «አቶም ገለልተኛ ነው» ሲባል ውስጡ ቻርጅ የለም ማለት አይደለም። ውስጡ በቻርጅ የተሞላ ነው፤ ነገር ግን ፕላሱና ማይነሱ በቁጥር እኩል ስለሆኑ ተጣፍተው ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ሶዲየም 11 ፕሮቶንና 11 ኤሌክትሮን አለው። ክሎሪን 17 ፕሮቶንና 17 ኤሌክትሮን አለው። ሁለቱም ገለልተኛ ናቸው።

ይህ እኩልነት ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ሪያድ ውስጥ መረዳት ቀላል ነው። አየሩ ደረቅ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ የአየሩ እርጥበት ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ተራምዳችሁ የበር እጀታ ስትነኩ፣ ወይም ከመኪና ወርዳችሁ በሩን ስትዘጉ ጣታችሁን ቷ የሚያደርጋችሁ ነገር አለ። ጫማችሁና ምንጣፉ፣ ልብሳችሁና የመኪናው መቀመጫ ሲፋተጉ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ስለተሻገሩ ነው። እርጥብ አየር ቢሆን ኖሮ ቻርጁ ሹልክ ብሎ በሄደ ነበር፤ በደረቅ አየር ግን ሰውነት ላይ ይጠራቀማል። በአንድ እንዲህ ባለ ብልጭታ የሚያልፉት ኤሌክትሮኖች 3 ትሪሊዮን ያህል ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ይመስላል። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ ካሉት ኤሌክትሮኖች ጋር ስናስተያየው ግን ከ1 ሺህ ትሪሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ይህች ቅንጣት ታህል መዛባት ካስደነገጠችን፣ ተፈጥሮ ትልቅ መዛባት እንደማትፈቅድ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ አዮን እንለፍ። አዮን ማለት የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ከፕሮቶኖቹ ቁጥር የተለየ አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን ይቀሩታል። አሥራ አንድ ሲቀነስ አሥር፣ ፕላስ አንድ። ክሎሪን አንድ ኤሌክትሮን ሲጨመርለት 17 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን ይኖረዋል፤ ማይነስ አንድ። ይህን ጊዜ ክሎራይድ እንለዋለን።

«ያጣው እንዴት ፕላስ ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ፕላስና ማይነስ የሚሉትን ምልክቶች ያወጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ በ1740ዎቹ። ኤሌክትሮን የተገኘው ከዚያ 150 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1897፣ በጄ. ጄ. ቶምሰን ነው። ኤሌክትሮን ሲመጣ ምልክቱ ቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ለእሱ የደረሰውም ማይነስ ሆነ። ስለዚህ ኤሌክትሮን ማጣት ማለት ማይነስ ማጣት ነው፤ ማይነስ የቀነሰበት ነገር ደግሞ ወደ ፕላስ ያዘነብላል።

የአንድ ኤሌክትሮን ልዩነት ጠባይ ምን ያህል እንደሚለውጥ ተመልከቱ። የሶዲየም ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይንጫጫል፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለች ከተማ አካባቢ ለጦር መሣሪያነት ውሏል። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ሲሰጥ ግን ሁለቱም ይረጋጋሉ፤ የተገኘውም ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ጨው ነው። ኒውክለሶቹ አልተነኩም። የተለወጠው የአንዲት ኤሌክትሮን ቦታ ብቻ ነው።

ሌላም የሚሳት ነገር አለ። የገበታ ጨው ሞለኪውል አይደለም። በጨው ቅንጣት ውስጥ «ይህ ሶዲየም የዚያ ክሎራይድ ነው» ብለን የምናጣምደው የለም። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይዶች፣ እያንዳንዱም ክሎራይድ በስድስት ሶዲየሞች ተከቦ፣ ፕላስና ማይነስ እየተሳሳቡ በረድፍ የተደረደሩ ናቸው።

ሞለኪውልስ? ሞለኪውል አቶሞች ኤሌክትሮን ተካፍለው የሚገነቡት ነው። ውሃን እንውሰድ። ኦክሲጅን 8 ፕሮቶን፣ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ፣ በድምሩ 10 ፕሮቶን። ኤሌክትሮኖቹም 10። ገለልተኛ ነው። ነገር ግን ክፍፍሉ እኩል አይደለም። ኦክሲጅን የጋራ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል፤ ስለዚህ በኦክሲጅኑ በኩል ትንሽ ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናል። ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ መሥመር ሳይሆን በ104.5 ዲግሪ የታጠፈ ስለሆነ እነዚህ ሁለት ወገኖች አይጣፉም። ድምሩ ዜሮ ሆኖ ሥርጭቱ ያዘነበለ ነው። የውሃ ኃይል ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውም ይኸው ነው። በሶዲየም አዮኑ ዙሪያ የውሃ ሞለኪውሎች የኦክሲጅን ጎናቸውን ወደ እሱ አድርገው ይሰበሰባሉ። በክሎራይዱ ዙሪያ ደግሞ የሃይድሮጅን ጎናቸውን አዙረው ይከባሉ። እንግዳ በመጣበት ቤት ቤተሰቡ ሁሉ ፊቱን ወደ እንግዳው አዙሮ እንደሚቀመጥ ማለት ነው። በዚህ መካከል ሶዲየምና ክሎራይድ የነበራቸው መሳሳብ 80 ጊዜ ያህል ይደክማል፤ ስለዚህ ተለያይተው ውሃው ውስጥ ይበተናሉ።

ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ ጨው ውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች ይለያያል የሚለውን ሐሳብ በ1884 በዶክትሬት ጽሑፉ ሲያቀርብ፣ ኡፕሳላ ያሉት መምህራኑ እምብዛም አላመኑትም፤ የሰጡትም ዝቅተኛ ውጤት ነበር። በ1903 በዚያው ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ይህን ይዘን ወደ ጁበይል እንሂድ።

ሳዑዲ አረቢያ የባሕር ውሃ የሚያጣራውን መሥሪያ ቤቷን ያቋቋመችው በ1974 ነው። ከጁበይል ወደ ሪያድ የተዘረጋው ታላቅ መሥመር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ያኔ ዋናው ዘዴ ማፍላት ነበር። የባሕሩ ውሃ ይሞቃል፣ ግፊቱ ደረጃ በደረጃ በሚቀንስባቸው ክፍሎች ሲያልፍ በየደረጃው ይተናል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ንጹሕ ውሃ ይሆናል። ጨው ለምን አብሮ አይተንም? የውሃ ሞለኪውል ገለልተኛ ስለሆነ ከጎረቤቶቹ ተላቆ ብቻውን ወደ አየር ሊወጣ ይችላል። አዮን ግን በዙሪያው ከከበቡት የውሃ ሞለኪውሎች ጋር በቻርጁ የተሳሰረ ነው። ያን ሁሉ በጥሶ ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ከፈላ ውሃ ሙቀት እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ውሃው ይሄዳል፣ አዮኑ ይቀራል።

ማፍላት ግን ነዳጅ ይበላል። አሁን ቦታውን እየያዘ ያለው በሜምብሬን ማጣራት ነው። ሜምብሬን ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ኩሽና ውስጥ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ፊልተር ውስጥም አለላችሁ። የባሕር ውሃ ከአየር ግፊት ከ60 እስከ 70 ጊዜ በሚበልጥ ግፊት ወደዚህ ሽፋን ይገፋል። ውሃው ያልፋል፤ ከጨው አዮኖች ከመቶ ከ99 በላይ የሚሆኑት ይቀራሉ። ከጁበይል በስተሰሜን ያለው የራስ አል ኸይር ፋብሪካ ሁለቱንም ዘዴዎች ጎን ለጎን ይጠቀማል። በቀን 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የማምረት ዐቅም አለው፤ ከሚያመርተውም ለሪያድ ይልካል።

ሜምብሬኑ እንዴት ይለያል? ብዙ ሰው «ቀዳዳው ስለሚጠብ ነው» ይላል። ይህ ከፊል መልስ ነው። ሶዲየም አዮን ብቻውን ሲለካ ከውሃ ሞለኪውል አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። የሚያግደው ቻርጁ ነው። ወደ ሽፋኑ ጠባብ መንገድ ለመግባት በዙሪያው ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች አራግፎ መግባት ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጉልበት ያስወጣዋል። በዚያ ላይ የሽፋኑ ገጽ ራሱ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ ክሎራይድን ይገፋል። ክሎራይድ ካላለፈ ሶዲየም ብቻውን ማለፍ አይችልም፤ ካለፈ የቻርጁ ሚዛን ይዛባል። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ ነጥብ እዚህ መጣ።

ጉዳዩ የመጠን ሳይሆን የቻርጅ ለመሆኑ ጥሩው ማስረጃ ቦሮን ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ከ4 እስከ 5 ሚሊግራም ቦሮን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ከ2.4 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ለብርቱካንና ለሎሚ ዛፎችማ ከዚያ ያነሰውም ይጎዳል። ሶዲየምን አስቀርቶ የሚያስመሰግነው ሜምብሬን ቦሮን ላይ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል። ምክንያቱም በባሕር ውሃ ውስጥ አብዛኛው ቦሮን የሚገኘው ቦሪክ አሲድ ሆኖ ነው፤ ቦሪክ አሲድ ደግሞ ቻርጅ የሌለው ትንሽ ሞለኪውል ነው። ሽፋኑ ከውሃ አይለየውም፤ ከውሃው ጋር ሾልኮ ያልፋል።

መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? ቀዳዳውን አላጠበቡም። የተጣራውን ውሃ ለሁለተኛ ጊዜ ከማሳለፋቸው በፊት አልካሊ ይጨምሩበታል፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ወደ 10 ገደማ ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ቦሪክ አሲዱ ሃይድሮክሳይድ የተባለውን ኔጌቲቭ አዮን ወስዶ ቦሬት ይሆናል፤ ማይነስ አንድ። ቻርጅ እንደያዘ ያው ሽፋን ያስቀረዋል። ያው ቦሮን፣ ያው ሜምብሬን፤ ልዩነቱ አንድ ቻርጅ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ክሎሪን ላይ እናገኘዋለን። ውሃው ወደ ከተማ ከመላኩ በፊት ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ቻርጅ የሌለው ሃይፖክሎረስ አሲድ፣ ሌላው ማይነስ አንድ የሆነው ሃይፖክሎራይት። ጀርም በመግደል የሚበረታው ገለልተኛው ነው፤ በብዙ እጥፍ። የባክቴሪያው ግድግዳ ኔጌቲቭ ስለሆነ ኔጌቲቩን ይመልሰዋል፤ ገለልተኛው ግን ገብቶ ይገድላል። ፒኤች ከ7.5 ሲያልፍ ኔጌቲቩ እየበዛ ይሄዳል፤ የውሃ ባለሙያዎች ክሎሪንን ብቻ ሳይሆን ፒኤችንም አብረው የሚለኩት ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሪያድ ባሕሩ ላይ ብቻ አልተደገፈችም። ከባሕሩ ቧንቧ በፊት የምትጠጣው ከመሬት ሥር ነበር፤ ዛሬም ታቀላቅለዋለች። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሚንጁር ወደሚባለው ውሃ አዘል የድንጋይ ንጣፍ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ውሃቸው ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው። በዚህ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከሶዲየምና ከክሎራይድ ሌላ ካልሲየምና ሰልፌት በብዛት አሉ። ካልሲየም 20 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን ያለው አዮን ነው፤ ፕላስ ሁለት። ሰልፌት ደግሞ አዮን ማለት አንድ አቶም ብቻ እንዳልሆነ ያሳየናል። አንድ ሰልፈርና አራት ኦክሲጅን ተጣምረው 48 ፕሮቶን ይይዛሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን 50 ናቸው። ማይነስ ሁለት። ሁለቱ ትርፍ ኤሌክትሮኖች የአንዱ አቶም ንብረት አይደሉም፤ ቻርጁ የስብስቡ ነው።

ውሃ የምታፈሉበት ኬትል ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። እሱም የአዮኖች ሥራ ነው። ካልሲየምና ባይካርቦኔት የተባለው ኔጌቲቭ አዮን አብረው ሲሞቁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ካርቦኔት ይቀራል። ፕላስ ሁለት የሆነው ካልሲየምና ማይነስ ሁለት የሆነው ካርቦኔት ሲገናኙ መሳሳባቸው ከሶዲየምና ከክሎራይድ ይልቅ ይጠነክራል፤ ውሃ ሊያላቅቃቸው ስለማይችል ድንጋይ ሆነው ይለጠፋሉ። አቼቶ ወይም ሎሚ ስታደርጉበት ከአሲዱ የሚወጡት የሃይድሮጅን አዮኖች ካርቦኔቱን ያፈርሱታል። የምታዩት አረፋ የሚያመልጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ብረት መፈግፈጊያ አያስፈልግም፤ ለብ ባለ ውሃ አቼቶ በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት።

እዚህ ላይ «እንግዲያው አዮን የሌለው ውሃ ነው ጥሩ» እንዳይባል። ከፋብሪካው የወጣው ውሃ ከአዮን ስለሚራቆት ቧንቧ ይበላል፣ ጣዕምም የለውም። ስለዚህ ወደ ሪያድ ከመላኩ በፊት ካልሲየምና ባይካርቦኔት በልኩ ይጨመርበታል።

ከሪያድ ወደ አገራችን እንሻገር። በስምጥ ሸለቆአችን፣ ከአፋር አንሥቶ በመተሐራና በወንጂ አድርጎ እስከ ሐይቆቹ አካባቢ፣ ውሃ ውስጥ የሚያስቸግረው አዮን ፍሎራይድ ነው። ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋም አጥንታቸው የሚደርቅባቸውና መጎንበስ የሚያቅታቸው ሰዎች በዚያ አካባቢ ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በጣም ያልፋሉ። እንደ ሻላና አቢጃታ ባሉት ሐይቆችማ ከመቶ ሚሊግራም ሊበልጥ ይችላል።

ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለምን ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል? ካልሲየም ቢኖር ኖሮ አንዱ ካልሲየም ሁለት ፍሎራይድ ይዞ ይዘቅጥ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ሶዲየም ፍሎራይድን ይዞ አያስቀርም፤ ስለዚህ እንደሟሟ ይኖራል።

ጥርስና አጥንት ላይ ለምን ይሠፍራል? ቁጥሩን ብቻ እንቁጠር። ፍሎራይድ 9 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን አለው። ጥርሳችንና አጥንታችን የተሠሩበት ማዕድን ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የሚባል አዮን አለ። ሃይድሮክሳይድ ከኦክሲጅን 8፣ ከሃይድሮጅን 1፣ በድምሩ 9 ፕሮቶን አለው፤ ኤሌክትሮኖቹ 10 ናቸው። ቻርጃቸው አንድ፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ፍሎራይድ የሃይድሮክሳይዱን ቦታ ይወስዳል። በትንሹ ሲሆን የጥርሱን ገጽ ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ከልክ ሲያልፍ ግን በማደግ ላይ ያለ ልጅ ጥርስ አሠራሩ ይበላሻል።

መድኃኒቱም ከዚያው ከበሽታው ባሕርይ ነው የተወሰደው። የከብት አጥንት አየር በጥቂቱ በሚገባበት ምድጃ ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ፣ ውሃው በላዩ እንዲያልፍ ይደረጋል። ፍሎራይዱ አጥንቱ ላይ ያለውን ቦታ ይይዛል፤ ሃይድሮክሳይዱ ይለቃል፤ ውሃው ፍሎራይዱ ቀንሶለት ይወርዳል። ይህ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ በስምጥ ሸለቆአችን በሥራ ላይ ውሏል። ጁበይል ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚፈስበት ሜምብሬንና መንደር ውስጥ ያለ የአጥንት ከሰል ገንዳ፣ የሁለቱም ሥራ በመሠረቱ አዮንን በቻርጁ መያዝ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ልንጨርስ ስለሆነ አንድ የምትሠሩት ነገር እንስጣችሁ። ቤታችሁ ያለውን የታሸገ ውሃ አንሡና ጽሑፉን አንብቡ። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፤ ባይካርቦኔት፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌት፣ ናይትሬት፣ ፍሎራይድ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ፖዘቲቭ ናቸው፤ የቀሩት ኔጌቲቭ። አጠገባቸው ያለው ቁጥር በሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለ ይነግራችኋል።

እንግዲህ እስክሪብቶ ያዙ። ሶዲየምን ለ23፣ ፖታሲየምን ለ39፣ ካልሲየምን ለ20፣ ማግኒዚየምን ለ12 አካፍሉ። ከኔጌቲቮቹ ክሎራይድን ለ35.5፣ ባይካርቦኔትን ለ61፣ ሰልፌትን ለ48፣ ናይትሬትን ለ62፣ ፍሎራይድን ለ19 አካፍሉ። ለምሳሌ ያህል ሶዲየም 23፣ ካልሲየም 40፣ ማግኒዚየም 12 የተጻፈበት ውሃ ቢኖር፣ አንድ፣ ሁለትና አንድ፣ በድምሩ አራት። በሌላው ወገን ክሎራይድ 71፣ ባይካርቦኔት 61፣ ሰልፌት 48 ቢሆን፣ ሁለት፣ አንድና አንድ፣ እሱም አራት። ሁለቱ ወገኖች እኩል መምጣት አለባቸው። በእናንተ ጠርሙስ ላይ ጥቂት ቢለያዩ ቁጥሮቹ ተጠጋግተው ስለሚጻፉና አንዳንድ አዮኖች ስለማይጠቀሱ ነው። በጣም ከተራራቁ ግን ጽሑፉ ላይ ስሕተት አለ።

ለምን የግድ እኩል ይሆናሉ? ከላይ በሰጠነው ምሳሌ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው 23 ሚሊግራም ሶዲየም አጣፊ ባይኖረው ትርፉ ቻርጅ፣ ኩሎምብ በተባለው የቻርጅ መለኪያ፣ 96 ይሆን ነበር። ይህም ቅድም ጣታችንን ካስደነገጠን ብልጭታ 200 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። እንዲህ ያለ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ አያድርም። ስለዚህ «ኔጌቲቭ አዮን ብቻ ያለበት፣ ለጤና ተብሎ የተዘጋጀ ውሃ» እያለ ውድ ዕቃ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ፣ «ፖዘቲቩ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ የለውም፤ ገንዘባችሁንም ኪሳችሁ ውስጥ ታቆዩታላችሁ።

ተማሪ ልጆች ያላችሁ፣ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ «ፕሮቶን ሲቀነስ ኤሌክትሮን» የሚለውን ቀመር በቃል ከማጥናት ይልቅ፣ ከጠርሙሱ ላይ ቆጥሮ ያገኘው ልጅ አይረሳውም። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ አሲድና አልካሊ፣ ስለ ፒኤችም እናወራለን፤ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)